የወተት ደብተር ያስተማረኝ ጥብቅና

ባልደረቦቼ የባንክ ብድር፣ የውርስ፣ የይዞታና የግንባታ ውል ክርክር ይይዛሉ። እኔ የምይዘው የመርዝ ጉዳይ ነው። ደንበኞቼ ከብታቸውን ከፋብሪካ በታች የሚያጠጡ ገበሬዎች፣ የጉድጓዳቸው ውሃ የተበከለባቸው እናቶች፣ ኬሚካል ሲረጩ ኖረው ደረታቸው የታመመ ሠራተኞች ናቸው። በዚህ ሥራ ፀጉሬ ሸብቷል። ወጣት የሕግ ባለሙያዎች እየመጡ «ይህን ዘርፍ ከባድ ያደረገው ሕጉ ነው? ገንዘቡ ነው? ወይስ የባለሀብቱ ጉልበት?» ይሉኛል። ሁሉም አለበት። ዓመታቱ ያስተማሩኝ ትልቁ ነገር ግን ይህ ነው፦ በመርዝ ጉዳይ መርታትም ሆነ መረታት አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ተጎጂው የጠበቃ ደጅ ከመርገጡ በፊት ነው። ጉዳቱ በደረሰበት ሰሞን ማን ምን ጻፈ? ማን ምን አስቀመጠ? ማን ለማን አመለከተ? ዳኛው በመጨረሻ የሚመዝነው ይህንኑ ነው።

መኪና ሰው ሲገጭ ቀኑና ሰዓቱ ይታወቃል፤ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ያነሳል። መርዝ ታርጋ የለውም። ዛሬ የተጠጣ ውሃ ጉዳቱን የሚያሳየው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። አበው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ለእኛ ጉዳይ የተነገረ ይመስለኛል። ከሳሹ ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት። አንደኛው፣ ይህ ንጥረ ነገር ይህን በሽታ ያመጣል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በዚህ ሰው ላይ በሽታውን ያመጣው እሱ ነው ወይ የሚል ነው። የመጀመሪያውን ሳይንስ ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛው ላይ ብዙ መዝገብ ይወድቃል። ተከሳሹ «ሲጋራ ያጨስ ነበር፤ እናቱም በዚሁ በሽታ ነው የሞተችው፤ ከእኛ በላይ ሌላ ፋብሪካ አለ» ይላል። እንዲህ ማለት መብቱ ነው። መልሱን ማምጣት ያለብን እኛ ነን።

ሕጋችን ባዶ እጁን አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2069 ደግሞ መርዛማ ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት፣ ወይም በተለየ ሁኔታ አደገኛ የሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው ደርሶ ጉዳት ሲያስከትል ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። ይህን አንቀጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበ ወጣት ጠበቃ ደስ ይለዋል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ጥቂት ገጽ ገልጦ አንቀጽ 2143 ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ተጎጂው ካሣ መጠየቅ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ዓመታት ተደብቆ ለሚቆይ በሽታ ሁለት ዓመት! በእኛ ዘርፍ ከየትኛውም የመከላከያ ክርክር ይልቅ መዝገብ የሚያዘጋው ይርጋ የሚባለው ይህ የጊዜ ገደብ ነው።

አንዲት የአበባ እርሻ ሠራተኛ የነበረች ሴት ቢሮዬ መጣች። ሥራዋ በግሪን ሃውስ ውስጥ ነበር፤ ስትረጭም፣ በተረጨበት ገብታ ስትቆርጥም ቆይታለች። ሳሏ አላስወራ አላት። ምን ዓይነት ኬሚካል ትረጩ ነበር ብዬ ጠየቅኋት።

«ስሙን አላውቀውም። ሰማያዊው ጀሪካን አለ፤ ቀይ ክዳን ያለውም አለ። ቀይ ክዳኑ ዓይን ያቃጥላል» አለችኝ።

ሥራ የለቀቀችው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። ጀሪካኖቹ የሉም፤ መለያ ወረቀታቸውም የለም። የሥራ ውሏ ቅጂ እጇ ላይ አልነበረም። ሳሉ ሲጀምራት የሄደችበት ክሊኒክ ካርድ ጠፍቷል። አብረዋት የሠሩት ወደየአገራቸው ተበትነዋል። ያለችውን ሁሉ አምናለሁ፤ እውነቷን እንደሆነ ፊቷ ይናገራል። ፍርድ ቤት ግን ፊት አይቶ አይፈርድም። በክዳን ቀለም የሚታወቅ ኬሚካል ላይ ክስ መመሥረት አይቻልም። ያ መዝገብ ሳይከፈት ቀረ። እሷን የሸኘሁበት ቀን ከተረታሁባቸው ክርክሮች ሁሉ ይበልጥ ያመኛል።

ሌላው ታሪክ ከአዋሽ ገባር ወንዞች በአንዱ ዳር የሆነ ነው። ከላይ አንድ ቆዳ ፋብሪካ አለ። ቆዳ ሲለፋ መጀመሪያ ፀጉሩ የሚነሳው በኖራና በሰልፋይድ ነው፤ ቀጥሎ በክሮም ጨው ይለፋል። ቆዳው ያልጠጣው ክሮም ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ፍሳሹ በወጉ ካልተጣራ ሰልፋይዱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ወንዙ ይጠቁራል፤ ዳርና ዳሩ ነጭ አረፋ ይይዛል። ከታች ያሉት ገበሬዎች ከብቶቻቸው እየጨነገፉ፣ ወተታቸው እየነጠፈ መሆኑን ነገሩኝ። ማስረጃ አላችሁ ወይ ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት እናት ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤት ገቡና በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ይዘው ተመለሱ።

የወተት ማኅበር ደብተር ነበር። ጥጋጥጉ ተበልቷል፤ ወተት የፈሰሰባቸው ገጾች ተጣብቀዋል። በየመስመሩ ቀን፣ የጠዋት ሊትር፣ የማታ ሊትር፣ የተረካቢው ፊርማ። የጠዋቱ 9 የነበረው 7 ይሆናል፤ ከዚያ 4 ይሆናል፤ ከዚያ ባዶ ሰረዝ ይበዛል። ኅዳጉ ላይ ደግሞ በልጅ እጅ ጽሑፍ፣ በእርሳስ፣ «ትናንት ማታ ሽታ መጣ»፣ «ቡሬ ጣለች»፣ «ወንዙ ጥቁር» የሚሉ ቃላት አሉ።

«እማማ፣ ይህን ለምን አስጻፉት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ወተቴ ሲያንስ የማኅበሩ ሰዎች ለሌላ ትሸጫለሽ አሉኝ። ሐሜት ነው እንጂ የሸጥኩት የለም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ልጄን፣ ያነሰበትን ምክንያት ከጎኑ ጻፊልኝ አልኳት» አሉኝ።

ስለ ክስ አላሰቡም። ስማቸውን ከሐሜት ለማዳን ነው ያስጻፉት። ያ ደብተር ግን የመዝገቡ ምሰሶ ሆነ። የተከሳሹ ጠበቃ ጎበዝ ባለሙያ ነበር፤ እንደተጠበቀው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው ይርጋ ሆነ። «ወንዙ ከቆሸሸ ዘመን የለውም፤ ጉዳት ካለም የደረሰው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ክሱ በይርጋ ይታገዳል» አለ። እኛም ደብተሩን አቀረብን። ወተቱ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደወረደ በቁጥር ይታያል። ከዚያ በፊት ያሉት ገጾች ሙሉ ናቸው፤ ስለዚህ ወንዙ ቢቆሽሽም ከብቶቹ ያን ጊዜ ደኅና ነበሩ። ወተት ተረካቢው ቀርቦ ፊርማው የራሱ መሆኑን መሰከረ። ዳኛዋ ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላብጠው ኅዳጉ ላይ ያለውን የእርሳስ ጽሑፍ ጮክ ብለው አነበቡት። መቃወሚያው ውድቅ ሆነ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሌላ አገር የመርዝ ክርክሮችን ሳነብ ዓይኔ የሚፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ የመጀመሪያውን ማስረጃ ማን ያዘው? እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችንን ያኮራችው የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋችና የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኘች። ከእሷ ጋር እነማን ተሸለሙ ብዬ ስመለከት ሮበርት ቢሎት የሚባል የአሜሪካ ጠበቃ ስም አገኘሁ። ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩና መተው አቃተኝ።

ቢሎት የኬሚካል ኩባንያዎች ጠበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ዊልበር ቴናንት የተባለ የዌስት ቨርጂኒያ ከብት አርቢ ወደ እሱ መጣ። ከብቶቹ እያበዱና እየከሱ ያልቃሉ፤ የሚጠጡበት ጅረት አረፋ ያነሳል፤ ከጅረቱ በላይ የዱፖንት ኩባንያ ቆሻሻ መጣያ አለ። ቴናንት ለማን ቢናገር ሰሚ ሲያጣ ካሜራ ገዝቶ ጅረቱን፣ የሞቱትን ከብቶች፣ ራሱ ሰንጥቆ ያየውን የሆድ ዕቃቸውን ቀርጾ ነበር። ጠበቃው ክሱን የያዘው ያንን ቪዲዮ አይቶ ነው። በችሎት ትዕዛዝ ኩባንያው ከ100 ሺህ ገጽ በላይ ሰነድ አስረከበ። ቢሎት ቢሮው ወለል ላይ ተቀምጦ ለወራት በቀን በቀኑ ደረደረው። ፒኤፍኦኤ የሚባል፣ ለቴፍሎን ሥራ የሚውል ኬሚካል በአካባቢው የመጠጥ ውሃ ውስጥ እንደገባ ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያውቅ እንደነበር ከዚያ ክምር ውስጥ ወጣ።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የአካባቢው ነዋሪዎችና ኩባንያው ሲስማሙ፣ ኬሚካሉ በሽታ ያመጣል አያመጣም የሚለውን ጥያቄ ለገለልተኛ የሳይንስ ባለሙያዎች ሰጡት፤ ውጤቱንም ለመቀበል ቃል ገቡ። ሕዝቡ ደሙን እንዲሰጥ ከካሣው ገንዘብ ለያንዳንዱ 400 ዶላር ተመደበ፤ ወደ 69 ሺህ ሰው መጥቶ ደም ሰጠ። ባለሙያዎቹ ዓመታት ወስደው እ.ኤ.አ. በ2012 ኬሚካሉ የኩላሊትና የዘር ፍሬ ካንሰርን ጨምሮ ከስድስት በሽታዎች ጋር ሊገናኝ እንደሚችል ደመደሙ። ያ የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ3,500 በላይ የሚሆኑ ክሶች በ670 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በስምምነት ተዘጉ። ቴናንት ግን ይህን አላየም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አርፏል። የዚያ ሁሉ ነገር መነሻ የአንድ ገበሬ ካሜራ ነበር።

በጃፓን ሚናማታ ደግሞ ቀድመው የታመሙት ድመቶች ናቸው። ከባሕሩ ዓሣ የሚበሉ ድመቶች እየተንቀጠቀጡ ይዞሩና ይሞቱ ነበር፤ ቀጥሎ ሰዎች ታመሙ። በሽታው በይፋ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ ምክንያቱም ከቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ የወጣ ሜርኩሪ ነበር። የኩባንያው የራሱ ሐኪም ሆሶካዋ ሐጂሜ እ.ኤ.አ. በ1959 የፋብሪካውን ፍሳሽ ለድመት አብልቶ በሽታው ሲወጣባት አይቷል። ኩባንያው ውጤቱን ደበቀው። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1970 በካንሰር ታሞ በተኛበት አልጋ ላይ ሆኖ ያየውን መሰከረ። እ.ኤ.አ. በ1973 ለተጎጂዎቹ ተፈረደ። እንግዲህ በዌስት ቨርጂኒያም፣ በሚናማታም፣ በእኛ ወንዝ ዳርም ቀድሞ የተናገረው እንስሳ ነው። እንስሳው የተናገረውን ቀድሞ የሚሰማውም ባለቤቱ ነው። ላቦራቶሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ እኛ መዝገብ ልመለስ። የባለሙያ ምስክርነት መሰማት ሲጀምር ተከሳሹ ስምምነት ጠየቀ። ለሞቱትና ለጨነገፉት ከብቶች፣ ለታጣው ወተት ካሣ ተከፈለ፤ ለመንደሩ የቧንቧ ውሃ ገባ፤ የፍሳሽ ማጣሪያውን ለማደስ የገባው ግዴታ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሰፈረ። ለልጆቹ ጤና ግን ምንም አላገኘንም። ቆዳቸው ላይ የወጣው ሽፍታ፣ የሆድ ሕመማቸው፣ የትኛውም ቀን የተጻፈበት ወረቀት አልነበረውም። ጤና ጣቢያ የሄዱት ካርዱን መልሰዋል፤ ሌሎቹ በቤት መድኃኒት ታክመዋል። የላሞቹ ታሪክ በደብተር ስለተያዘ ለላሞቹ ተከፈለ፤ የልጆቹ አልተያዘምና ቀረ። ይህን ለእናቶቹ ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ክብደቱን ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው።

ስለዚህ የሥራ ልማዴ ተለወጠ። ዛሬ አንድ መንደር ችግር አለብን ብሎ ሲጠራኝ የክስ ማመልከቻ ለማርቀቅ አልቸኩልም። መጀመሪያ ደብተር እናስጀምራለን፤ ከየቤቱ ማንበብ የሚችል አንድ ልጅ ይመደባል። ሽታ የመጣበት ሰዓት፣ የወንዙ ቀለም፣ የታመመ ሰውና ከብት፣ ከነቀኑ ይጻፋል። የውሃ ናሙና ሲወሰድ ጠርሙሱ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የወሰደው ሰው ስም ይለጠፋል፤ ክዳኑ በሙጫ ወረቀት ይታሸጋል፤ እሽጉ ላይ ምስክሮች ይፈርማሉ፤ በበረዶ ሳጥን ገብቶ ላቦራቶሪው የተረከበበት ወረቀት ይቀመጣል። ከፋብሪካው በላይ ካለው ውሃም ናሙና ይወሰዳል፤ አለበለዚያ ብክለቱ ከላይ የመጣ ነው ይባላል። ክሮም ሲለካ ሁለቱም ዓይነት ተለይተው እንዲለኩ እንጠይቃለን። ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ክሮም ሦስት ነው፤ በካሊፎርኒያ ሂንክሊ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 በ333 ሚሊዮን ዶላር የተዘጋው ክስ ደግሞ በካንሰር አምጪነቱ የታወቀውን ክሮም ስድስትን የሚመለከት ነበር። ይህን ልዩነት ሳያውቅ ችሎት የሚቀርብ ጠበቃ በመጀመሪያው መስቀለኛ ጥያቄ ይወድቃል። ከሁሉ በፊት የሚመጣው ጥያቄም «ይህ ጠርሙስ ከወንዙ እስከ ላቦራቶሪው በማን እጅ ነበር?» የሚል ነው።

ፋብሪካ ጠላት አይደለም። የቆዳና የአበባ ሥራ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ከደንበኞቼ መካከል ልጆቻቸው በዚያው በከሰሱት ፋብሪካ የሚሠሩ አሉ። የሚጠይቁት ፋብሪካው እንዲዘጋ አይደለም፤ ፍሳሹን አጣርቶ እንዲለቅ ነው። በደንብ የሚሠራ ማጣሪያ ያለው ፋብሪካ የራሱን የፍሳሽ ልኬት በየጊዜው መዝግቦ ቢያስቀምጥ ያ መዝገብ ያለ አግባብ ከመከሰስም ያድነዋል። ስለዚህ ማስረጃ መያዝ የሚጠቅመው ተጎጂውን ብቻ አይደለም፤ እውነት የያዘውን ሁሉ ነው።

ሕግ አውጪዎችም አንድ ነገር ቢያስቡበት እላለሁ። የሁለት ዓመቱ ይርጋ የወጣው የኬሚካል ኢንዱስትሪ በአገራችን ባልተስፋፋበት ዘመን ነው። በዝግታ ለሚወጣ በሽታ የይርጋው ቆጠራ መጀመር ያለበት ሰው ሕመሙንና ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ነው። ይህ በሕግ በግልጽ ቢጻፍ የአበባ እርሻዋ ሠራተኛ ዓይነት ሰዎች ቢያንስ የመደመጥ ዕድል ያገኛሉ።

ሕጉ እስኪሻሻል ግን በእጃችን ያለውን እንጠቀምበት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ሰው ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅድለታል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የ60 ቀኑ ቆጠራ እንዳያመልጣችሁ ማመልከቻውን በቃል አታቅርቡ። በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱን አስገቡ፤ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርጋችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።

ከፋብሪካ በታች፣ ከእርሻ አጠገብ፣ ከወንዝ ዳር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ዛሬ ደኅና ብትሆኑም ዛሬውኑ ደብተር ግዙ። የክሊኒክ ካርዳችሁን ፎቶ አንሱት። የምትረጩትን ኬሚካል ስም ከጀሪካኑ ላይ ገልብጡ፤ ማንበብ ካልቻላችሁ ልጃችሁን አስገልብጡት። የሥራ ውላችሁን ቅጂ ቤታችሁ አስቀምጡ። ጥሩ ጠበቃ ኋላም ይገኛል፤ በጊዜው ያልተጻፈ ቀን ግን ከየትም አይገኝም።